የጋሼ ይስማው ከስክስ

ማስተዋል ከማንኩሳ ደውላ «አባየ ዐረፈ» ስትለኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው ነፍስ ይማር አልነበረም። «ማን አየ?» አልኳት። ወዲያው አፈርኩ፤ ስልኩን ልዘጋው ሁሉ ቃጣኝ። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። እያለቀሰችም ቢሆን ሳቅ የተናነቃት መሰለኝ። «እኔው ራሴ ነኝ ያየሁ፤ እጁን ይዠው ነበር» አለችኝ። ጥያቄው የአባቷ መሆኑን አልሳተችውም።

ጋሼ ይስማው ወሬን ሁሉ የሚቀበሉት በዚህ ጥያቄ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ዝናብ ጣለ ሲባሉ «ማን አየ?» የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሊቀየር ነው ሲባሉ «ማን አየ?» የአንድ ገበሬ ላም መንታ ወለደች ብንላቸውማ ዳገቱን ወጥተው ሁለቱን ጥጆች በእጃቸው ካልዳሰሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ማንኩሳ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ለዓመታት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሥራችን በየቀበሌው እየዞርን ከብት መከተብና የታመመውን ማከም ነበር። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ በመጣሁበት ቀን ዲፕሎማዬን ለጸሐፊዋ ሳሳይ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። እንኳን ደህና መጣሽ አላሉኝም። «ወረቀቱን አየሁት፤ አንችን ግን ገና አላየሁሽም» ብለው ግቢው ውስጥ ታስሮ ወደሚያጓራ ኮርማ ወሰዱኝ። መርፌውን እስክወጋው ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ስጨርስ «ይሁን» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሁን ማለት ትልቅ ምስጋና መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው የሚያዩ ሰው ነበሩ። በአገራችን ጠላ የምትቀዳ ሴት አስቀድማ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ለጋሼ ይስማው ይህ አይበቃም። ጣሳው እጃቸው ከገባ በኋላ «እስቲ ድገሚልኝ እናቴ» ብለው ዳግመኛ ያስቀምሷታል። ሴቶቹ ጠባያቸውን ስለሚያውቁ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ክትባቱ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣም የማቀዝቀዣውን ሳጥን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው በረዶው ውስጥ ይከቱታል። ሾፌሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት ዋጋ የለውም።

ገበሬዎቹም ቢሆኑ አይተኙላቸውም። ከብት የሚቆጠረው ለግብር ነው እያሉ የሚጠረጥሩ ስለነበሩ፣ ገሚሱን ከብት ጓሮ ወይም ጫካ ደብቀው ይጠብቁናል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሁለት በሬ አቁሞ «ያለኝ ይኸው ነው» አለን። ጋሼ ይስማው ዝም ብለው ቤቱን ዞሩና እንጨት ይዘው ተመለሱ። እንጨቱ ጫፍ ላይ ትኩስ እበት አለ።

«ይኸ የማን ነው?» አሉት።

«የላሚቱ ነው። እሷ አማቴ ቤት ናት።»

«እበቷን ትታ ነው የሄደች?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ሚስቱን ተጣራና ላሟ ከእነ ጥጃዋ ከጓሮ ወጣች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ የክሊኒኩ አልኮል እየጎደለ ነው ብለው ዘበኛውን ጠረጠሩት። ምስኪኑ ሰውዬ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ነበር። ጋሼ ጠርሙሱ ላይ ምልክት አደረጉ፣ ትንፋሹን አሸተቱት፣ በመጨረሻ ቁልፉን ቀምተው ኪሳቸው ከተቱት። ቁልፉ ኪሳቸው ሆኖም አልኮሉ ጎደለ። ለካ ክዳኑ አይገጥምም ነበር፤ እየተነነ ነው። ይቅርታ ይጠይቁታል ብዬ ስጠብቅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው «ይኸን ክዳን የሠራው ሰው ማነው?» አሉ። ጥርጣሬያቸውን ከዘበኛው ላይ አንሥተው ፋብሪካው ላይ ጫኑት ማለት ነው።

ወደ ጫማው ልምጣ። ጋሼን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጫማቸው ነው። ወጣት ሳሉ ሲከትቡት የነበረ በሬ ቀኝ እግራቸውን ረግጦ አጥንቱን ሰብሮት ነበር፤ ሲድን ተጣሞ ገጠመ። ለስላሳ ጫማ ካደረጉ ድንጋይ በረገጡ ቁጥር ሕመሙ እስከ ጉልበታቸው ይወጣል። ሶሉ ጠንካራ የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ከስክስ ካላደረጉ ሩቅ መሄድ አይችሉም። ሥራችን ደግሞ እግር ነው።

ቡሬ የሄድነው ለስብሰባ ነበር። ከስብሰባው በኋላ «ጫማ ልገዛ ነውና አብረሽኝ ነይ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲያይ ይታለላል» አሉኝ። ከኪሳቸው ወስፌ አወጡ፤ ያችን ጫማ ሰፊዎች ቆዳ የሚበሱባትን። ገና መጀመሪያው ሱቅ ስንገባ አንዱን ከስክስ አነሡና ወስፌዋን ቆዳውና ሶሉ በሚገናኙበት ላይ ሰደዷት። አሸተቱት። ጎንበስ ብለው ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። እጃቸውን አስገብተው የውስጡን ምንጣፍ ገለጡት።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ጭንቅላቱን አከከ። «አባቴ፣ ጫማ ነው የሚገዙ ወይስ በሬ?»

«በሬ ቢሆን እሽ። ጥርሱን አይቼ ዕድሜውን አውቀዋለሁ። ይኸ አፉን አይከፍትም» አሉት። «ሶሉ ሲያልቅ ይፈታል?»

«ገና ሳያደርጉት ስለ ማለቁ ያወራሉ? ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው።»

«የማን ዕድሜ?»

ልጁ ጫማውን ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰ። እኔ ሳቄን ልደብቅ ወደ ውጭ ዞርኩ። ከዚያ ሱቅ ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ ሌላው ሄድን። ሁሉም ጋ ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው። አንዳንዱ ላይ ክር ይታያል፤ ወስፌዋ ስትነካው ግን ክሩ ለጌጥ የተቀረጸ ፕላስቲክ ሆኖ ይገኛል። ይህን ጊዜ ጋሼ ሌባ እንደያዘ ሰው ወደ እኔ ዞረው «አየሽ?» ይላሉ። እኔማ ጫማ እንዲህ የሚዋሽ ነገር መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም። እግሬን እያመመኝ የራሴን ጫማ ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። እሱም በማስቲሽ የተለጠፈ ነበር።

በመጨረሻ መናኸሪያው አጠገብ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ጥቁር ከስክስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልማሉም፤ አላወደሱም። «ካላመኑ አስፈትተው ይዩት» ብቻ አሉ። ጋሼ ጫማውን በረንዳው ላይ ወደተቀመጠው ጫማ ሰፊ ወሰዱት። ሰፊው ከተረከዙ ጥቂት ስፌት ፈታላቸው። ውስጡ ቆዳ በቆዳ ላይ ተደራርቦ፣ ዳር ዳሩ በወፍራም ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል። ጋሼ ይስማው ብዙ አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ። በስንት ጊዜዬ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ ማንኩሳ ስንመለስ ጫማውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ሲያልቅ የማይፈታ ነገር ሲሸጡልሽ፣ የሠራው ሰው የደበቀው ነገር አለ» አሉኝ።

እውነትም ያ ከስክስ ሲያልቅ ይፈታ ነበር። ሶሉን የሚያስቀይሩት ፍኖተ ሰላም ላይ ነው። ጫማ ሰፊው «ትተውት ይሂዱና ነገ ይውሰዱ» ሲላቸው በነጠላ ጫማ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ከከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠው ሶል በቢጫ ናይለን ክር ተሰፍቶ እስኪያልቅ አይነሡም።

«የእኔን ቆዳ ፈትቶ የሌላ ሰው ቢሰፋብኝስ?» አሉኝ አንድ ጊዜ።

«ማን ይህን ያደርጋል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አላወቅሁም። ለዚያ ነው የምቀመጥ።»

እንግዲህ እኚህ ሰው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ግን አይገቡም። በዚያ ደብር ልማድ ጫማ የሚወልቀው ከቅጽሩ በር ላይ ነው። ሰዉ ጫማውን በሩ ላይ ደርድሮ ሲገባ ጋሼ ከግንቡ ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ ከስክሳቸውን እንዳደረጉ ቆመው ያስቀድሳሉ። አገሩ ደግሞ ከውጭ የሚቆም ሰውን ያውቀዋል። ንጽሕና የጎደለው፣ ያልተናዘዘው ነገር ያለው፣ እጁ ላይ የሰው ደም ያለበት ነው ከውጭ የሚቆመው። ስለ ጋሼ ይስማውም ይወራ ጀመር። አንዱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት ቂም አለ ይላል፤ ሌላው ከጠንቋይ ቤት ታይተዋል ይላል። ሰውን ሁሉ የሚጠረጥሩት ሰውዬ እሳቸው በተራቸው ተጠረጠሩ።

እውነቱን የነገሩኝ ከብት ከትበን ስንመለስ ነው። ከዓመታት በፊት ቡሬ ላይ ለክብረ በዓል ሄደው ሲያስቀድሱ ጫማቸው ተሰረቀ። ሌባው ያረጀ የላስቲክ ጫማውን ትቶላቸው ሄዷል፤ እሷን እየጎተቱ ተመለሱ። ያቺ የተጣመመች እግራቸው ስታሠቃያቸው ሰነበተች።

«ያናደደኝ መሰረቁ አደለም» አሉኝ። «አብሮኝ እግዚኦ እያለ ነበራ። ይኸው እስከ ዛሬ አጠገቤ ሰው ሲሰግድ ባየሁ ቁጥር ጫማየን የሚለካው ይመስለኛል።»

«በፌስታል አድርገው ይዘውት ይግቡ።»

«ጫማ ታቅፎ መቅደስ ፊት? እሱስ ድፍረት ነው።»

«እሺ እኔ በር ላይ ልጠብቅልዎት።»

አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ቆይተው አዩኝ። «አንችንስ ማን ይጠብቅሻል?» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ግን በእውነት ከፋኝ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ማስተዋል ታጨች። ማስተዋል ለጋሼ አንድ ልጃቸው ናት፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ ማንኩሳ ላይ ልብስ ሰፍታ የምታድር ጨዋ ልጅ። የጠየቃት የዚያው ደብር አስተዳዳሪ የቄስ ጥበቡ ልጅ፣ ዲያቆን ነው። ይዋደዳሉ። ዲያቆን ግን እንደ ሌላው ሰው አይደለም። የሚያገባው አንድ ጊዜ፣ በተክሊል ነው፤ ትዳሩ ከፈረሰ ቅስናው ይቀርበታል። ስለዚህ የሚጋባው ቤተሰብ እስከ ዘር ማንዘሩ ይጠየቃል።

ቄስ ጥበቡ በቅሎዬ ታመመች ብለው ወደ ክሊኒኩ መጡ። ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ነገርን በቀጥታ መናገር ነውር የሚመስላቸው ሊቅ ናቸው። በቅሎዋን ብመረምር ብመረምር ምንም የላት። «ደህና ናት አባ» ስላቸው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ሐኪም ነሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «አንዲት ላም በየሳምንቱ እስከ በረቱ በር ትመጣለች። ሌሎቹ ሲገቡ እሷ አትገባም። ይኸ ምን በሽታ ነው?»

የትኛዋ ላም እንደሆነች ገባኝ። «ሳላያት ምን እላለሁ፣ አባ? አንድ ቀን በሩ ላይ የወጋት ነገር ይኖር ይሆናል» አልኳቸው።

«በሩ ከወጋት ለባለ በረቱ ይነገራል። እሷው የያዘችው ነገር ካለ ግን ጥጃዋን ወደ መንጋችን ማስገባት እንቸገራለን።» ይህን ብለው ደህናዋን በቅሎ እየሳቡ ሄዱ።

በማግስቱ ማስተዋል ዓይኗ አብጦ መጣች። የዲያቆኑ ቤት ሠርጉን ሊያቆየው እንደሆነ ሰምታለች። «አባየን አንች ብቻ ነሽ የምታናግሪው፤ ለምን እንደማይገባ ይንገራቸው» አለችኝ። አሳዘነችኝ። ጋሼን የክሊኒኩ ጓሮ አግኝቼ ላሚቱንም በረቱንም ነገርኳቸው። 

«ምን ልበላቸው?» አሉኝ። «እርስዎ የሚባርኳቸውን ሰዎች ሁሉ ሌባ ናቸው ብየ ስለምጠረጥር ነው የማልገባ ልበል? ይኸን ሰምተው ልጃቸውን ይሰጡኛል? ዝም ብል ነፍሰ ገዳይ ነኝ፤ ብናገር ደብሩን ተሳዳቢ ነኝ።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት አቆሙ ማለት ይቻላል። ልጃቸው ስትናገራቸው ይበሳጫሉ፤ ሳትናገራቸው ደግሞ የባሰ ይከፋቸዋል። አንድ ጠዋት ከስክሳቸውን እያሠሩ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ለቄሱ፣ ላሚቱ በተክሊሉ ዕለት ትገባለች በያቸው።»

ነገርኳቸው። ቄስ ጥበቡም ቢሆኑ ቀላል ሰው አይደሉም። «እናያለን» አሉ።

የተክሊሉ ቀን ሰው ሳይሰበሰብ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ እኔና ጋሼ ቅጽሩ በር ላይ ደረስን። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሠሪያ መፍታት ጀመሩ። አላስቻለኝም።

«ለእኔ ይስጡኝ፣ ጋሼ። እኔ እደብቀዋለሁ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዛሬ በኋላ ይኸ ሰው ሁሉ ዘመዴ ሊሆን ነው። በዘመድ ላይ ዘበኛ አላቆምም።» ከስክሳቸውን ከግንቡ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞረው አዩት። ከዚያ በወንዶቹ በኩል ገቡ፤ እኔ በሴቶቹ በኩል።

ቅዳሴውም ሥርዓተ ተክሊሉም እንዴት እንዳማረ ልናገር አልችልም፤ ልቤ በሩ ላይ ነበርና። እሳቸውም ከዚያ በኩል እንደ እኔ ሲጨነቁ ይታየኛል። ሙሽሮቹ አክሊል ደፍተው በእልልታ ሲወጡ ተሽቀዳድሜ ወደ ቅጽሩ በር ሄድኩ። በግንቡ ዙሪያ የተደረደረው ጫማ ብዛቱ። ላስቲኩ፣ ሸራው፣ ነጠላ ጫማው ሁሉ አለ። ከስክሱ የለም። ድንጋዩን ዞርኩ፣ ወይራው ሥር አየሁ፣ የለም። ቀና ስል ጋሼ ይስማው በጋቢያቸው ተሸፍነው ከአጠገቤ ቆመዋል። ባዶውን ቦታ አይተውታል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

 ልጮኽ፣ በሩን ዘግቼ ሰዉን ሁሉ ላስፈትሽ አፌን ከፈትኩ። ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ዝም በይ» አሉኝ። «የልጀ ሠርግ ነው።»

ይህን እያሉ ቄስ ጥበቡ ከነዘመዶቻቸው ደረሱ። አማቾቹ ሁሉ ከኋላቸው ናቸው። ቄሱ መጀመሪያ ያዩት የጋሼን እግር ነው፤ የሌሎቹም ዓይን ተከተለ። ያ ከስክስ በአገሩ የታወቀ ነበር።

«ጫማዎስ?» አሉ ቄሱ።

 ጋሼ ይስማው ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩ። የፈራሁት ያንን ጥያቄያቸውን ነበር፤ ማን አየ ብለው ቢጠይቁ ሠርጉ ሙግት ይሆናል።

«ዛሬ ሳላደርግ ነው የመጣሁ፣ አባ» አሉ።

ቄስ ጥበቡ ጎንበስ ብለው ያችን የተጣመመች እግር ተመለከቱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ወደ ሰዉ ዞረው «አያችሁ? በእንዲህ ያለ እግር ባዶውን እየረገጠ ነው ወደ እግዚአብሔር ቤት የመጣ» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ማስተዋል ከእነ አክሊሏ አባቷን አየቻቸው፤ እሷም አመነች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዳሱ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱ ጠጠር ነው። ሁልጊዜ በጫማም ቢሆን ትንሽ የሚያነክሱት ሰው ያን ዕለት ከቄሱ ጎን ቀጥ ብለው ወረዱ። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ እግራቸውን እያየሁ አለቀስኩ።

ዳሱ ውስጥ ሲቀመጡ ቄስ ጥበቡ ውኃ አስመጡና ማንም ሳይቀድማቸው ራሳቸው ዝቅ ብለው የጋሼን እግር ሊያጥቡ ያዙ። ጋሼ ይስማው ያችን ቀኝ እግር ለልጃቸው እንኳ አያስነኳትም ነበር። ያን ዕለት ሰጧቸው። ቄሱ እያጠቡ ሳለ የጋሼ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነው። በዳሱ ዙሪያ በተቀመጠው እንግዳ እግር ላይ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንድ እግር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብለው የሰውየውን ፊት አዩ፤ ቆይተው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱና ጠላ አምጡልኝ አሉ። የተቀዳላቸውን ሳያስቀምሱ ጠጡት።

ካለሁበት ሆኜ የሚታየኝ የአስተናጋጆች ጀርባ ብቻ ነበር። ተነሥቼ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«አገኙት?»

«አዎ።»

«ማን ነው?»

በጋቢያቸው ጫፍ እርጥቧን እግራቸውን አደራረቁ።

«የማስተዋል ዘመድ ነው» አሉኝ።